የራስን የጥናት ጽሑፍ ስልት መመርመር፦ ምኑ ይቆጠራል? ምኑስ ይታረማል?

#1 ረቂቅ4
ሰላም ለሁላችሁ። «ቋንቋው ይስተካከል»፣ «ጽሑፉ ይከብዳል» የሚል አስተያየት ኅዳግ ላይ ተጽፎ ይመጣል፤ የቱ ጋ እንደሚከብድና ለምን እንደሚከብድ ግን አይነገርም። ጥያቄዬ አንድ ሰው የራሱን የጥናት ጽሑፍ ስልት በራሱ እንዴት ይመርምር የሚል ነው። «ጥሩ ይፈሳል» ከሚል ስሜት ይልቅ የሚቆጠርና የሚጨበጥ ነገር ብታመለክቱኝ ደስ ይለኛል። የእንግሊዝኛ መመሪያዎች ሞልተዋል፤ ግማሹ ምክር ግን አማርኛ ላይ ሲያርፍ አይገጥምም።

መነሻ እንዲሆን ከመግቢያ ምዕራፍ አንድ ዓረፍተ ነገር እነሆ። ያለ ይሉኝታ ተቹት፦

«በአሁኑ ወቅት በተለያዩ የትምህርት ደረጃዎች ላይ በሚገኙ ተማሪዎች ዘንድ የንባብ ክህሎት ችግር እየታየ የሚገኝ በመሆኑ እና ይህም ችግር በሌሎች የትምህርት ዓይነቶች ውጤት ላይ አሉታዊ ተጽዕኖ እያሳደረ እንደሚገኝ የሚታወቅ ሲሆን፣ ይህ ጥናት የንባብ ስልት ሥልጠና የተማሪዎችን አንብቦ የመረዳት ችሎታ የማሻሻል አስተዋጽኦ ያለው መሆን አለመሆኑን ለመመርመር ታስቦ የተካሄደ ነው።»

#2 አራት ነጥብ
ከመቁጠር እንጀምር። ከጽሑፉ ሦስት ቦታዎች፣ ማለትም ከመግቢያው፣ ከጥናት ዘዴውና ከውጤት ማብራሪያው፣ 300 ቃል ያህል ተከታታይ ጽሑፍ ይውሰዱ። ሦስት ቦታ ያልኩት ስልት ከምዕራፍ ምዕራፍ ስለሚለያይ ነው፤ የጥናት ዘዴ ላይ ቁጥብ የሆነ ሰው ማብራሪያው ላይ ሲደርስ ይንዛዛል። አኅጽሮተ ጥናቱን ይተዉት፤ አሥሬ የታሸ ስለሆነ የዘወትር እጅዎን አያሳይም።

ከመቁጠርዎ በፊት አንድ ነገር ያጽዱ። ብዙ ሰው አራት ነጥብን የሚጽፈው ሁለት ነጥብን ሁለቴ በመምታት ነው። ለዓይን ልዩነት የላቸውም፤ ለኮምፒውተር ግን «።» አንድ ምልክት ሲሆን «፡፡» ሁለት ምልክት ነው። «፡፡»ን ፈልገው በሙሉ በ«።» ይተኩ። ይህን ሳያደርጉ ከቆጠሩ ሁለት ሦስቱ ዓረፍተ ነገር እንደ አንድ ይቆጠርና አማካዩ በሐሰት ይረዝማል።

ከዚያ ከእያንዳንዱ አራት ነጥብ በኋላ መስመር ይስበሩ፤ አንድ ዓረፍተ ነገር በአንድ መስመር ይሁን። ከጎኑ የቃላቱን ብዛት ይጻፉ። የሚያዩት ሦስት ነገር ነው፦ አማካዩን፣ ረጅሙን፣ ከ25 ቃል በላይ የሆኑትን ብዛት። የምጠቀምበት ልክ አማካዩ ከ12 እስከ 18 ቢሆን፣ ከ25 በላይ የሆነው ሁሉ ደግሞ አንድ በአንድ ቢታይ የሚል ነው። ሕግ አይደለም፤ የት መመልከት እንዳለብዎ ይጠቁማል እንጂ ፍርድ አይሰጥም።

የእርስዎ ዓረፍተ ነገር 47 ቃል ነው። የባሰው ግን ርዝመቱ አይደለም። ባለቤቱ፣ «ይህ ጥናት»፣ የሚመጣው 30ኛና 31ኛ ቃል ላይ ነው። አንባቢው ስለ ምን እንደሚወራ ሳያውቅ 29 ቃል ተሸክሞ ይጓዛል።

#3 ነጠላ ሰረዝ
አራት ነጥብ ያሉት ትክክል ነው፤ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ኢንተርኔት ላይ ጽሑፍ ለጥፈው «የንባብ ቅለት» ነጥብ የሚሰጡ መሣሪያዎች አሉ፤ ለአማርኛ አይጠቀሙባቸው። አብዛኞቹ የሚነሡት ሩዶልፍ ፍሌሽ እ.ኤ.አ. በ1948 ካወጣው ቀመር ወይም ከመሰሎቹ ነው። ቀመሩ የሚያየው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ በዓረፍተ ነገር ውስጥ ያሉትን ቃላት አማካይና በቃል ውስጥ ያሉትን ቀለማት (የድምፅ ክፍለ ቃላት) አማካይ። ማባዣዎቹ የተሰሉት ለእንግሊዝኛ ነው። አማርኛ ውስጥ «እንዳላስተዋወቃቸውም» አንድ ቃል ነው፤ በውስጡ ግን አያያዥ፣ አሉታ፣ አድራጊ፣ ተደራጊና «ም» ተጨምቀዋል። በእንግሊዝኛ ስድስት ሰባት ቃል የሚፈጀውን አማርኛ በአንድ ይጠቀልለዋል። ስለዚህ እዚያ «እስከ 25 ቃል ይፈቀዳል» የሚለው ልክ እዚህ ሲመጣ በጣም ልቅ ነው።

ከቃል ብዛት የተሻለ መለኪያ አለ፦ ማሰሪያ አንቀጹ ላይ ሳይደረስ ስንት የግስ ቅርጽ ተደርድሯል? በአማርኛ ማሰሪያው መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ አንባቢው ሁሉንም አንጠልጥሎ ይጠብቃል። ከላይ ያለው ዓረፍተ ነገር ከ«በሚገኙ» እስከ «የተካሄደ» ድረስ 17 የግስ ቅርጽ ይዟል፤ አርእስቶቹን (እንደ «መሆን» ያሉትን) ጨምሮ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ማሰሪያ «ነው» ብቻ። ይህን ሁሉ የሚሸከም ግስ አይደለም። ከአራት በላይ ሲሆን ዓረፍተ ነገሩን ቆም ብሎ ማየት ያስፈልጋል።

#4 ቀይ ብዕር
እኔ ደግሞ በቀለም ነው የምሄደው። «መሆን»ን በቢጫ፣ «መገኘት»ን በሰማያዊ፣ «ማድረግ/ማካሄድ»ን በአረንጓዴ ያቅልሙ። በዚህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ውስጥ «መሆን» አራት ጊዜ አለ (በመሆኑ፣ ሲሆን፣ መሆን፣ አለመሆኑን)፣ «መገኘት» ሦስት ጊዜ (በሚገኙ፣ የሚገኝ፣ እንደሚገኝ)። እነዚህ ግሶች ነገር አይሸከሙም፤ ቦታ ይይዛሉ። «እየታየ የሚገኝ» ማለት «የሚታይ» ማለት ነው፤ «እያሳደረ እንደሚገኝ» ደግሞ «እንደሚያሳድር»።

ሰዋስዋዊ ስብራትም አለ። «በመሆኑ እና ይህም … የሚታወቅ ሲሆን» ሲሉ በ«እና» የተያያዙት ሁለት ክፍሎች እኩያ አይደሉም፤ አንዱ ምክንያት፣ ሌላው ተጓዳኝ መግለጫ ነው። ዓረፍተ ነገር ሲረዝም ጸሐፊው ራሱ አጀማመሩን ይረሳል፤ ይህ ስብራት የሚፈጠረው እዚያ ላይ ነው።

ሳስተካክለው፦

«ብዙ ተማሪዎች ያነበቡትን በሚገባ አይረዱም። ይህ ድክመት በንባብ ላይ የተመሠረቱ ሌሎች ትምህርቶችንም ይጎዳል። ይህ ጥናት የንባብ ስልት ሥልጠና አንብቦ የመረዳት ችሎታን ያሻሽል እንደሆነ ይመረምራል።»

5፣ 8 እና 11 ቃል። ድምሩ 24። የቀረው ግማሽ ያህሉ ብቻ ነው፤ የጠፋ ሐሳብም የለም።

#5 የኅዳግ ማስታወሻ
ቀይ ብዕር፣ የጠፋ ሐሳብ የለም ያሉት ላይ አልስማማም። እንዲያውም የመጣ ሐሳብ አለ፣ ያውም አደገኛ። «ብዙ ተማሪዎች ያነበቡትን በሚገባ አይረዱም» ቀጥተኛ ማረጋገጫ ነው፤ ዋቢ የት አለ? «ይጎዳል» ደግሞ የምክንያትና ውጤት ግስ ነው። በቀድሞው ላይ «ተጽዕኖ» እና «የሚታወቅ» ሸፍነውት ስለነበር አንባቢ አይጠይቅም ነበር።

ይህን የምለው እርማቱን ለመንቀፍ አይደለም። ማሳጠር ጥሩ ምርመራ የሚሆነው በዚሁ ምክንያት ነው። ዓረፍተ ነገሩ ሲያጥር ማስረጃ የሌለው ቦታ ራቁቱን ይወጣል። ያን ጊዜ ሦስት ምርጫ አለ፦ ዋቢ መጨመር፣ አባባሉን ማለዘብ፣ ወይም መሰረዝ።

ማለዘብ ሲባል ግሶቹ ደረጃ አላቸው። ከደካማ ወደ ጠንካራ ብናስቀምጣቸው «ይጠቁማል»፣ «ያመለክታል»፣ «ያሳያል»፣ «ያረጋግጣል» የሚል ቅደም ተከተል ይመጣል። የራስዎን የውጤት ምዕራፍ ይዘው እነዚህን አራቱን ብቻ ያቅልሙ። ከዚያ ለእያንዳንዱ «በምን ማስረጃ?» ብለው ይጠይቁ። ለምሳሌ በንባብ ሰዓትና በፈተና ውጤት መካከል ያለው ተዛምዶ (ሁለቱ አብረው የሚለዋወጡበት ልክ) 0.30 ቢሆን፣ የቁጥሩ ካሬ 0.09 ነው፤ የውጤቱ ልዩነት ከንባብ ሰዓት ጋር የሚጋራው 9 በመቶውን ብቻ ነው ማለት ነው። «ንባብ ውጤትን እንደሚያሳድግ ተረጋግጧል» ብሎ ለመጻፍ ይህ አይበቃም። «የንባብ ሰዓትና የፈተና ውጤት ደካማ ግን አዎንታዊ ተዛምዶ አሳይተዋል» ይበቃል፤ ሙሉውም እሱ ነው።

ተቃራኒውም ስሕተት ነው። «ሊሆን ይችላል ተብሎ ይገመታል» ሁለት መሸሻ በአንድ ላይ ነው። አንዱ ይቅር።

#6 ረቂቅ4
በጣም አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ግን፦ የቀይ ብዕር እርማት ሲነበብ ቴሌግራም ይመስላል። ሦስት አጫጭር ተከታትለው ሲመጡ የጥናት ጽሑፍ ወዙን አያጣም?

#7 ቀይ ብዕር
ያጣል፤ አንቀጹ ሁሉ እንዲያ ከሆነ። መጀመሪያ ይሰበራል፣ ከዚያ የሚገባው ብቻ ይገጠማል። ሁለቱን የመጀመሪያዎቹን «ብዙ ተማሪዎች ያነበቡትን በሚገባ ስለማይረዱ ሌሎች ትምህርቶችም ይከብዷቸዋል» ብለው ይግጠሙ፤ 8 ቃል፣ «ስለ» ምክንያቱን ግልጽ አድርጎታል። የዋቢው ጉዳይ «የኅዳግ ማስታወሻ» እንዳሉት ነው፤ እጄን ሰጥቻለሁ።

#8 ነጠላ ሰረዝ
ስለ ወዝ ከተነሣ አይቀር፣ የእንግሊዝኛ መመሪያ አማርኛ ላይ የሚስትበት ዋናው ቦታ ይህ ነው። እዚያ «የታወቀውን አስቀድም፣ አዲሱን ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ አድርግ» ይባላል። በአማርኛ መጨረሻው የግስ ቦታ ነው፤ አዲሱ ነገር የሚቀመጠው ከግሱ ቀድሞ፣ እሱን ተጠግቶ ነው። ሁለቱን ያወዳድሩ፦

«ልዩነቱ በሁለተኛው ቡድን ታየ።»
«በሁለተኛው ቡድን ልዩነት ታየ።»

የመጀመሪያው «የት ታየ?» ለሚል አንባቢ መልስ ነው። ሁለተኛው «በሁለተኛው ቡድን ምን ታየ?» ለሚል። ከፊቱ ያለው ዓረፍተ ነገር ስለ ልዩነቱ ሲያወራ ከነበረ የመጀመሪያውን፣ ስለ ቡድኑ ሲያወራ ከነበረ ሁለተኛውን ይምረጡ። ቅደም ተከተሉ የተዛባ አንቀጽ እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገሩ ትክክል ሆኖ ሳለ በአንድነት ሲነበብ ይጎረብጣል። «ይከብዳል» የሚባለው ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው፤ ርዝመቱን ቢቆጥሩ ምንም አያገኙም።

ሦስተኛ አማራጭ አለ፦ «ልዩነቱ የታየው በሁለተኛው ቡድን ነው።» ይህ ከአጽንዖት ያለፈ ነገር ይናገራል። በሌሎቹ አልታየም የሚል አንድምታ አለው። የሌሎቹን ቡድኖች ውጤት ሳይመረምሩ «የ…ው … ነው» አሠራርን ለማሳመር ብቻ ከተጠቀሙ ሳያውቁ ሌላ ማረጋገጫ ሰጥተዋል። በአንድ ገጽ ከሁለት በላይ ካገኙ ይጠራጠሩ።

ሲፈትሹ የእያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር የመጀመሪያ ሁለት ሦስት ቃልና ከማሰሪያው በፊት ያለውን ቃል ብቻ ያስምሩ። የአንዱ ቅድመ ማሰሪያ ለቀጣዩ መነሻ ከሆነ ሰንሰለቱ አለ። ሁሉም በአዲስ ነገር የሚጀምር ከሆነ ተበጥሷል።

#9 አራት ነጥብ
«ሲሆን»ን ማንም በቅጡ አላነሣውም። የጥናት ጽሑፍን የሚያንዛዛው ቁጥር አንድ ማጣበቂያ እሱ ነው። ምክንያት አይናገር፣ ተቃርኖ አይናገር፣ ቅደም ተከተል አይናገር፤ ዝም ብሎ ያጣብቃል። «ናሙናው 120 ተማሪዎች ሲሆን መረጃው በመጠይቅ የተሰበሰበ ሲሆን ትንተናውም በመቶኛ የተሠራ ነው» ይባላል። ፈተናው ቀላል ነው፦ «ሲሆን»ን አውጥተው አራት ነጥብ ያድርጉበት። ምንም ካልጎደለ ቀድሞም ሥራ አልነበረውም። አንድ ነገር ከጎደለ ያንን የጎደለውን በስሙ ይጥሩት፦ «ስለዚህ»፣ «ነገር ግን»፣ «ከዚያም»።

«በመሆኑም»ም እንዲሁ። ቦታው ላይ «ከዚህ የተነሣ» ብለው ያንብቡት። ካላስኬደ ጌጥ ነው።

#10 ነጠላ ሰረዝ
አራት ነጥብ፣ እርስዎ ራስዎ ከላይ «አንድ ምልክት ሲሆን» ብለዋል :)

#11 አራት ነጥብ
ተይዣለሁ። እዚያ ላይ ሁለት ነገር ያነጻጽራል ብዬ ልከራከር እችል ነበር፤ ግን «ነው፤» ቢሆን ይሻል ነበር።

#12 ዋቢ
ይቅርታ፣ ሁላችሁም ከጣሪያው ጀምራችኋል። የሚሰረዝ አንቀጽ ውስጥ ያለ ዓረፍተ ነገር ቢያምር ምን ይጠቅማል? መጀመሪያ አጽሙ ይታይ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ያለቀውን ረቂቅ ይዘው ባዶ ወረቀት ሁለት ዓምድ ይክፈሉ። ለእያንዳንዱ አንቀጽ በግራ «ምን ይላል?» በቀኝ «ምን ይሠራል?» ብለው ከ10 ቃል በማይበልጥ ይጻፉ። «ምን ይሠራል» ማለት ትርጓሜ ይሰጣል፣ ተቃራኒ ሐሳብ ያቀርባል፣ ክፍተት ያሳያል፣ ማስረጃ ይተነትናል የመሰለ ነው። በ10 ቃል ሊጠቃለል ያልቻለ አንቀጽ ሁለት አንቀጽ ነው። ሁለት አንቀጾች አንድ ዓይነት ማጠቃለያ ካመጡ አንዱ ትርፍ ነው። የቀኙ ዓምድ ባዶ ከቀረ አንቀጹ ለምን እንዳለ ጸሐፊውም አያውቅም።

ለመግቢያ ምዕራፍ ጆን ስዌልስ እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተመው መልኩ የሚታወቀው ሦስት እርምጃ ያለው አወቃቀር ጥሩ ማነጻጸሪያ ነው፦ መስኩን ማሳየት፣ በመስኩ ውስጥ ያለውን ክፍተት መጠቆም፣ ጥናቱ ክፍተቱን እንዴት እንደሚይዝ መናገር። እያንዳንዱን አንቀጽ 1፣ 2 ወይም 3 ብለው ይቁጠሩት። ብዙ ጊዜ የሚወጣው 1፣ 1፣ 1፣ 1፣ 1፣ 3 ነው። ሁለተኛው እርምጃ ይጎድላል፤ «ሌሎች ምን አላዩም?» የሚለው ሳይመለስ ዓላማው ድንገት ይመጣል። ረቂቅ4፣ የለጠፉት ዓረፍተ ነገርም ልክ ይህን አድርጓል፦ ችግሩ አለ፣ ስለዚህ እናጥና። ሌሎች ሥልጠናውን ሞክረውት እንደሆነ አንድም ቃል የለም።

ክለሳ ድርሳናት (የቀደሙ ጥናቶች ቅኝት) ላይ ደግሞ የዓረፍተ ነገር መነሻዎችን ይቁጠሩ። ከ10 ዓረፍተ ነገር 7ቱ በሰው ስም ተጀምረው «ገልጸዋል» ላይ የሚያርፉ ከሆነ ክለሳ ሳይሆን የስም ጥሪ ነው። መነሻው ሐሳቡ ይሁን፤ ስምና ዓመተ ምሕረቱ በቅንፍ ይከተል። ስም ከፊት የሚመጣው ሰውዬው ራሱ የክርክሩ አካል ሲሆን ነው። «ገልጸዋል» ለሁሉም አይሆንም፦ የሞገተ «ሞግቷል»፣ የለካ «ለክቷል»፣ የገመተ «ገምቷል» ይባል።

#13 ቀይ ብዕር
ዋቢ እውነታቸውን ነው፤ ቅደም ተከተሉ አጽም፣ አንቀጽ፣ ዓረፍተ ነገር፣ ፊደል ነው። በአንድ ንባብ አራቱን ማረም አይቻልም፤ አራት ጊዜ ይነበባል።

ወደ ዓረፍተ ነገር ስትመለሱ ግን ሦስት የተለመዱ ቁስሎች አሉ።

ስም አድርጎ በ«ማድረግ» ማስኬድ። «ትንተና ተደርጓል»፣ «ንጽጽር ተካሂዷል»፣ «ማሻሻያ ማድረግ»፣ «ጥቅም ላይ ማዋል»። ግሱ እዚያው አለ፦ ተተንትኗል፣ ተነጻጽሯል፣ ማሻሻል፣ መጠቀም። «ማድረግ»ን በማፈላለጊያ ይፈልጉና ከፊቱ ያለውን ስም ይዩ፤ ስሙ ግስ መሆን ከቻለ ይሁን። ካልቻለ ይተዉት። «ቃለ መጠይቅ ተደረገ» ላይ ሌላ ግስ መፍጠር አያስፈልግም።

የ«የ» ክምር። «የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህራን የክፍል ውስጥ የምዘና አተገባበር ችግሮች»። የማን ችግር ነው? የመምህራኑ? የምዘናው? የአተገባበሩ? አንባቢ ከኋላ ወደፊት እየፈታ ይመለሳል። ግስ ሲገባበት ይፈታል፦ «የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህራን በክፍል ውስጥ ሲመዝኑ የሚገጥሟቸው ችግሮች»። በአንድ ሐረግ ሦስት «የ» ካለፈ ይፍቱት። ርዕስ ላይ ይህ ስሕተት ከሁሉም ይበዛል።

ባለቤቱ የጠፋ ቦዝ አንቀጽ (እንደ «ሞልቶ»፣ «ሞልተው» ያለ፣ ዓረፍተ ነገር የማያስር ግስ)። «መላሾቹ መጠይቁን ሞልተው በኮምፒውተር ተመዘገበ» ይላል። የሞሉት እነሱ፣ የተመዘገበው መጠይቁ፤ ቦዙና ማሰሪያው ባለቤት አይጋሩም። በንግግር ጆሮ ያርመዋል፣ በጽሑፍ አያልፍም። «መላሾቹ የሞሉት መጠይቅ በኮምፒውተር ተመዘገበ።» የጥናት ዘዴ ምዕራፍ ላይ «-ቶ፣ -ው» እያለ የሚሄደውን ሁሉ ባለቤቱን ይጠይቁ።

#14 ባለ ሁለት ነጥብ
ተደራጊ ግስንስ? «ተደርጓል፣ ተተንትኗል» ከጥናት ጽሑፍ ይውጣ፣ «ተነተንኩ» ይባል የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም፤ ጥናት ስለ አጥኚው አይደለም።

#15 የኅዳግ ማስታወሻ
ተደራጊ ግስ በጅምላ አይወገዝም። መጠየቅ ያለበት «በማን?» ነው።

«ናሙናው በዕጣ ተመረጠ።» በማን? በአጥኚው። ግልጽ ነው፣ ማንንም አይጎዳም፣ ይቆይ።
«ንባብ የዕውቀት መሠረት እንደሆነ ይታመናል።» በማን? አንድ ምሁር ካለው ስሙ ይጻፍ። ጸሐፊው ራሱ ካለው «በዚህ ጥናት አቋም» ይበል። መልሱ ከጠፋ ዓረፍተ ነገሩ ይሰረዝ። «ይታወቃል፣ ይነገራል፣ ይታመናል» እያንዳንዳቸው ዋቢ ሊኖርበት የሚገባን ቦታ የሚሸፍኑ ምንጣፎች ናቸው፤ ማንሣትና ማየት ነው።

«አጥኚው» ወይስ «እኔ» የሚለው እንደ መስኩና እንደ ተቋሙ መመሪያ ይወሰናል፤ አንዱን ይዘው ይዝለቁ። «አጥኚው» ሲሉ ግን የሌላ ሰው ጥናት በጠቀሱበት አንቀጽ ውስጥ የትኛው አጥኚ እንደሆነ ይምታታል። እዚያ «የዚህ ጥናት አቅራቢ» ማለት ይረዝማል እንጂ አያሳስትም። «ይህ ጥናት» ይመረምራል፣ ያነጻጽራል፣ ያቀርባል፤ «ያምናል» ግን አይባልም። ጥናት አያምንም።

#16 ፊደል ገበታ
ስለ ሆሄ ጥቂት ልበል። ሀ/ሐ/ኀ፣ ሰ/ሠ፣ አ/ዐ፣ ጸ/ፀ ላይ የየትኛው ወገን እንደሆኑ አልጠይቅም፤ የሚጠየቀው ወጥነት ነው። በአንድ ጽሑፍ ውስጥ «ሥርዓት»፣ «ስርዓት» እና «ሥርአት» ሦስቱም ካሉ ሁለት ጉዳት አለው፦ አንባቢ ሦስት የተለያዩ ሰዎች የጻፉት ይመስለዋል፣ ማፈላለጊያም አንዱን ሲፈልጉ ሌሎቹን አያመጣም። የቃላት ቆጠራችሁም በዚያው ልክ ይሳሳታል።

የራስዎን ዝርዝር ያዘጋጁ፤ 30 ቃል ይበቃል፦ ጽሑፍ፣ ሥራ፣ ዓይነት፣ ሐሳብ፣ ተጽዕኖ፣ ዓላማ እያሉ። እያንዳንዱን በየአማራጩ ይፈልጉና ወደ አንዱ ያምጡ። አደራ፣ ሆሄውን ብቻ ነጥለው «ፀ»ን በሙሉ በ«ጸ» አይተኩ። የሰው ስም፣ የመጽሐፍ ርዕስና ቀጥተኛ ጥቅስ አብሮ ይለወጣል፤ ቀጥተኛ ጥቅስ በባለቤቱ ሆሄ ነው የሚቀመጠው።

የሙያ ቃልም እንዲሁ ነው። «መላሽ»፣ «ተሳታፊ»፣ «ተጠኚ» እየተፈራረቁ ከመጡ አንባቢ ሦስት የተለያዩ ቡድኖች ይፈልጋል። ልብ ወለድ ላይ ቃል መደጋገም ያሰለቻል፤ እዚህ ግን መደጋገሙ ግዴታ ነው።

#17 ረቂቅ4
ይህን ሁሉ ጽሑፉን በሰው ሠራሽ አስተውሎት አሳርሞ መገላገል አይቻልም? ብዙ ሰው እያደረገው ስለሆነ ነው።

#18 ዋቢ
ፊደልና የጠፋ አራት ነጥብ ሊጠቁም ይችላል። አንቀጽ ሰጥተው «አሻሽልልኝ» ሲሉት ግን ሁለት ነገር ሊያበላሽ ይችላል። የሙያ ቃላትን ለማሳመር ሲል ይቀያይራል፣ ፊደል ገበታ ያሉት ይመጣል። «ያመለክታል»ን ደግሞ «ያረጋግጣል» ያደርገዋል፤ የእርስዎ ማስረጃ ምን ያህል እንደሚያስኬድ አያውቅም። ተቋምዎም ሆነ መጽሔቱ አጠቃቀሙ እንዲገለጽ ይጠይቅ እንደሆነ አስቀድመው ያንብቡ።

ከዚያ ይልቅ በነጻ የሚገኝና ሥራውን የሚሠራ አለ፦ ጽሑፉን ድምፅዎን ከፍ አድርገው ያንብቡ፣ በስልክ ይቅዱ፣ በማግስቱ ወረቀቱን ይዘው ያዳምጡ። ትንፋሽ ያጠረበት፣ ተመልሰው የጀመሩበት፣ በስሕተት ሌላ ቃል ያነበቡበት ቦታ ሁሉ ምልክት ይደረግበት። በዓይን አሥሬ ያለፈው ባለቤቱ የጠፋ ቦዝ በጆሮ አያመልጥም።

ሌላው፣ ከሚያስገቡበት መጽሔት ሦስት ጽሑፎች ይምረጡና ተመሳሳዩን ክፍል «አራት ነጥብ» በ#2 ባሳዩት መንገድ ይቁጠሩ። የዓረፍተ ነገር አማካይ፣ በአንቀጽ ስንት ዋቢ፣ ስንቱ ዓረፍተ ነገር በስም ይጀምራል። ሐረጋቸውን አይቅዱ፤ ልካቸውን ይዩ።

#19 አራት ነጥብ
አማካሪ የሰጠውን አስተያየትም አይጣሉ። ሠንጠረዥ ይሥሩ፦ አስተያየቱ፣ ገጹ፣ የስሕተቱ ዓይነት። ከሁለት ምዕራፍ በኋላ ዓይነቶቹን ይቁጠሩ፤ አብዛኛው ምልክት ከሦስት አራት ዓይነት ላይ ሲከማች ያገኙታል። የእርስዎ የማፈላለጊያ ዝርዝር ያ ነው። እዚህ የተጻፈውን ሁሉ ለመተግበር ቢነሡ ምዕራፉ ዘንድሮ አያልቅም።

#20 ረቂቅ4
እንግዲህ ቆጠርኩ። ሦስቱ ናሙናዎች በድምሩ 912 ቃልና 38 ዓረፍተ ነገር፤ አማካይ 24። ከ25 ቃል በላይ የሆኑት 15። «ሲሆን» 19 ጊዜ፣ «ይታወቃል» እና ዘመዶቹ 8 ጊዜ፤ ከ8ቱ ዋቢ ያላቸው 2 ብቻ። የመግቢያው አንቀጾች «ዋቢ» በ#12 ባሳዩት አቆጣጠር 1፣ 1፣ 1፣ 3 ሆኑ፣ እንደተባለው።

ከታረመ በኋላ 715 ቃልና 49 ዓረፍተ ነገር፤ አማካዩ ወደ 14.6 ወረደ። «ሲሆን» 4 ቀረ። ክፍተቱን የሚያሳይ አንድ አንቀጽ ገና መጻፍ አለበት። ከውጤት ማብራሪያው አንድ ምሳሌ እነሆ፣ በፊት እና በኋላ፦

በፊት፦ «ከዚህ ውጤት መረዳት እንደሚቻለው ሥልጠናው የተማሪዎችን አንብቦ የመረዳት ችሎታ ለማሻሻል ጠቃሚ ሊሆን እንደሚችል የሚያመለክት ነው።»
በኋላ፦ «ሥልጠናው የተማሪዎችን አንብቦ የመረዳት ችሎታ ያሻሽላል።»

#21 የኅዳግ ማስታወሻ
ቁጥሩ ያምራል። ምሳሌው ላይ ግን «ያመለክታል» ከትርፉ ቃል ጋር አብሮ ተጠርጎ ወጥቷል። አንድ ናሙና ላይ የተገኘ ውጤት ለሁሉም ጊዜና ለሁሉም ተማሪ የሚሠራ ሕግ ሆኗል። የድሮውን ረቂቅ ጎን አስቀምጠው ከ«ይጠቁማል» እስከ «ያረጋግጣል» ያሉትን አራት ግሶች፣ «ሊ… ይችላል»ንም ጨምረው፣ በሁለቱም ላይ ይቁጠሩ። ከቀነሱበት ቦታ አንድ በአንድ ይመለሱ። ለዚህኛው፦ «ውጤቱ ሥልጠናው በተጠኑት ተማሪዎች ላይ አንብቦ የመረዳት ችሎታን እንዳሻሻለ ያመለክታል።» 10 ቃል ነው።

#22 ረቂቅ4
ቆጠርኩ፤ ከ14ቱ 6 ጠፍተዋል። ሁለቱ መጥፋት ነበረባቸው። አራቱን እየመለስኩ ነው።